ሶሻል ኢንጂነሪንግ ምንድን ነው? «ሀክ ተደረግሁ» ከማለትዎ በፊት

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ በሬዲዮ ሲያብራራ ሰማሁ። «የኮምፒዩተር ባለሙያ ነን ብለው የሚደውሉ ሀከሮች ኮምፒዩተራችንን ሀክ ያደርጋሉ፤ መፍትሔው ጠንካራ አንቲቫይረስ መጫን ነው» አለ። ከዚህ በፊትም ብዙ ጊዜ የሰማሁት ነገር ነው። አሁን ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔ ከለገሃር እስከ ሠንጋ ተራ ባሉ ቢሮዎች ኮምፒዩተር የምጠግን፣ ኔትወርክ የምዘረጋ ሰው ነኝ። ደንበኞቼ ምንም ነገር ቢደርስባቸው «ሀክ ተደረግሁ» ብለው ነው የሚመጡት። የሚያሳስበኝ መድኃኒቱ ነው። የደረሰባቸውን በተሳሳተ ስም ስለሚጠሩት የተሳሳተ መድኃኒት ይወስዳሉ። ላፕቶፑን ፎርማት (ያለበትን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን) ያስደርጉና «ተገላገልኩ» ብለው ይሄዳሉ። ሌባው የወሰደው ፓስወርድ ግን እሱ ዘንድ ነው ያለው፤ ላፕቶፑን ቢያጥቡት አይጠፋም። ቆይቶ ኢሜይላቸው ይወሰዳል፣ ቀጥሎ ቴሌግራማቸው፣ ቀጥሎ በስማቸው ከዘመድ አዝማድ ገንዘብ ይለመናል።

ሶሻል ኢንጂነሪንግ ማለት ሰውን አሳምኖ፣ አስፈራርቶ ወይም አጣድፎ በሩን በገዛ እጁ እንዲከፍት ማድረግ ነው። በቃ ይኸው ነው። ሀክ ማድረግ ግን የሲስተሙን ድክመት ፈልጎ ያለ እርስዎ እርዳታ መግባት ነው። በመጀመሪያው የተጠቃው ሰው ነው፣ በሁለተኛው ማሽን ነው። አንዱ ሌላውን ተከትሎ ሊመጣ ይችላል፣ ግን አንድ አይደሉም።

እዚህ ሀገር ደግሞ ነገር ሁሉ ሀክ ይባላል። መጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ሰዎች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ ያወጡ ጊዜም ከተማው ሁሉ «ባንኩ ሀክ ተደረገ» ሲል ነበር። ባንኩ ራሱ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ ተናግሯል፤ ችግሩ ከራሱ የሲስተም ሥራ ጋር የተያያዘ ነበር።

ወደ ተንታኙ ልመለስ። እሱ ያላቸው ደዋዮች የሚያደርጉት ሀክ ሳይሆን ሶሻል ኢንጂነሪንግ ነው። ግቢ አለዎት እንበል፤ በር ላይ ዘበኛ ቆሟል። ሌባ በአጥር ሊዘል ቢሞክር ዘበኛው ይይዘዋል። አንድ ቀን ቱታ የለበሰ ሰው በሩን ያንኳኳና «ከመብራት ኃይል ነው፣ ቆጣሪዎ ሊቃጠል ነው፣ ቶሎ!» ይላል። እርስዎ ደንግጠው ይወጡና ዘበኛውን «አስገባው!» ይሉታል። ዘበኛው ምን ያድርግ? ባለቤቱ አዟል። አንቲቫይረስ ማለት ይህ ዘበኛ ነው። በስርቆሽ የሚገባን ፕሮግራም ያግዳል፤ እርስዎ ራስዎ አውርደው፣ ራስዎ «እሺ» ብለው የከፈቱትን ሕጋዊ ፕሮግራም ግን ያሳልፋል። ውድ የሆነውን ቢገዙ ያው ዘበኛውን በሌላ ዘበኛ ቀየሩ ማለት ነው። አዲሱም የባለቤቱን ትእዛዝ ያከብራል።

ለዚህ ነው «አንቲቫይረስ ጫኑ» የሚለው ምክር የሚያናድደኝ። አንቲቫይረስ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። በተለይ እኛ ጋ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት ቢሮ በጣም ያስፈልጋል። ለዚህኛው ሌባ ግን አልተሠራም።

አሁን «የኮምፒዩተር ባለሙያ ነን» የሚሉት ሰዎች ጥሪ እንዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ፤ ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የዚህ ማጭበርበር ዋና ገበያ አሜሪካና እንግሊዝን የመሳሰሉ ሀገሮች ናቸው። የኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል ማዕከል በ2023 እ.ኤ.አ. ብቻ ከዚህ ዓይነት ማጭበርበር ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ ሪፖርት ተደርጎለታል። ሜሪላንድ ወይም ለንደን እናት፣ አክስት ያላችሁ ይህን ንገሯቸው።

ደዋዩ «ከማይክሮሶፍት ነው፣ ኮምፒዩተርዎ ቫይረስ እየላከ ነው» ይላል። ቀጥሎ ማስረጃ ያሳያል። ሰውን የሚጥለው ይህ ማስረጃ ነው። ዊንዶውስ የራሱን ውሎ የሚመዘግብበት ኢቨንት ቪወር የሚባል ቦታ አለው። ደዋዩ እሱን ያስከፍትዎታል። ቀይና ቢጫ ምልክት ሞልቶ ያያሉ። «አዩ? ይህ ሁሉ ቫይረስ ነው» ይልዎታል። ውሸት ነው። አንድ ፕሮግራም ሲነሳ ቢዘገይ፣ ኔትወርክ ለአፍታ ቢቋረጥ፣ ዊንዶውስ ይመዘግበዋል። ጤነኛ ኮምፒዩተር ሁሉ ላይ አለ። የእኔም ላይ አለ።

ወይም ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ያስከፍትና «አሶክ» የሚለውን ትእዛዝ ያስጽፍዎታል። መጨረሻው አካባቢ በ888 የሚጀምር ረጅም ቁጥር ይወጣል። ደዋዩ ቁጥሩን በቃሉ ያነብልዎታል። «ይህ የእርስዎ ኮምፒዩተር መለያ ነው፣ ከማይክሮሶፍት ባልሆን እንዴት አውቀዋለሁ?» ይላል። ሰው እዚህ ላይ ያምናል፤ ቢያምንም አይፈረድበትም። እውነቱ ግን ቁጥሩ በዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። «ኔትስታት» የሚለውን ካስጻፈዎት ደግሞ «ፎሪን አድረስ» የሚል ዝርዝር ይመጣል። «የውጭ ሰዎች ገብተውብዎታል» ይላል። እነዚያ ብራውዘርዎ (ድረ ገጽ የሚከፍቱበት ፕሮግራም) እና ሌሎች ፕሮግራሞችዎ የሚያነጋግሯቸው ኮምፒዩተሮች አድራሻዎች ናቸው።

ሙያዬ ነውና አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ከኢቨንት ቪወር ቀይ ምልክቶች መካከል እውነተኛ ችግር የሚናገሩ አሉ። ሃርድ ዲስክ መበላሸት ሲጀምር መጀመሪያ የሚታየው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ስለዚህ ቀይ ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። ግን ያንን መዝገብ ከስልክ ቁጥርዎ ጋር አያይዞ የሚደውል ድርጅት የለም። ማይክሮሶፍት ሳይጠራ እንደማይደውል፣ በስህተት መልእክቶቹ ላይም ስልክ ቁጥር እንደማይጽፍ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ስክሪኑን ሞልቶ፣ ጩኸት እያሰማ «በዚህ ቁጥር ይደውሉ» የሚል መልእክት ካዩ ድረ ገጽ ነው። ብራውዘሩን ይዝጉት። እምቢ ካለ ኮምፒዩተሩን አጥፍተው ያብሩት።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ፍርሃት ተጨማሪ ማገዶ አለው። አብዛኛው ሰው ዊንዶውሱ ክራክ (ሳይገዛ ተሰብሮ የተጫነ) መሆኑን ያውቃል። «ላይሰንስዎ አልቋል» ሲባል ገና ሳይጠየቅ ጥፋተኛ ሆኖ ይሰማዋል። ያፈረ ሰው ደግሞ ሌላ ሰው አያማክርም። ሌባው የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ስለ ክራክ ካነሳሁ አይቀር፣ ዊንዶውስ አክቲቬት ለማድረግ ከቴሌግራም ቻናል የምታወርዷቸው ፋይሎች ውስጥ እውነተኛ ቫይረስ የያዙ አሉ። ፋይሎቹ አንቲቫይረሱን አጥፉ ይላሉ፣ ሰውም ያጠፋል። ያ ሌላ ርዕስ ነው፣ ግን አንቲቫይረስ የሚጠቅመው እዚያ ነበር።

ከማስረጃው በኋላ ደዋዩ «ኤኒዴስክ» ወይም «ቲምቪወር» አውርዱ ይላል፤ ኮምፒዩተርን ከሩቅ ሆኖ ማዘዣ ፕሮግራሞች ናቸው። ተንታኙ እነዚህን «የሀኪንግ ሶፍትዌሮች» አላቸው። አይደሉም! ሁለቱም ጀርመን ውስጥ የተሠሩ፣ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጡ ፕሮግራሞች ናቸው። እኔ ስታዲየም አካባቢ ተቀምጬ ቃሊቲ ያለ መጋዘን ኮምፒዩተር የማስተካክለው በነሱ ነው። ዊንዶውስ ራሱ «ክዊክ አሲስት» የሚባል ተመሳሳይ ነገር አብሮት ይመጣል። ስለዚህ «ኤኒዴስክ የለኝምና አልነካም» ማለት አይሠራም። ጥያቄው ማን ነው የጠራው የሚለው ነው። እርስዎ ያወቁትን ባለሙያ፣ እርስዎ ደውለው ከጠሩት፣ መሣሪያው መሣሪያ ነው። የማያውቁት ሰው ራሱ ደውሎ «አስገባኝ» ካለ ይዝጉት።

እና ቱታ የለበሰው ሰውዬ ግቢ ከገባ በኋላ ምን ያደርጋል? ቆጣሪውን እያየ መስሎ የጓሮውን በር ቁልፍ ያስቀርጻል። ኤኒዴስክ ላይ ሰው ሳይኖር መግቢያ ፓስወርድ ማስቀመጥ ይቻላል። እኔም ለማታ ሥራ እጠቀምበታለሁ። ሌባውም ይጠቀምበታል፤ ስልኩ ተዘግቶ እርስዎ ተኝተው ይመለሳል። ቁም ሣጥንም ከፍቶ ያያል፤ ብራውዘር ላይ ያስቀመጧቸው ፓስወርዶች እዚያ ናቸው። ከዚያ በኋላ ግቢውን አፍርሰው ቢሠሩት፣ ማለት ፎርማት ቢያደርጉት፣ ያየውን አይረሳም።

እኛ ጋ በብዛት የሚመጣው የስልኩ ዓይነት ነው። በጥሩ አማርኛ፣ «አንቺ» ወይም «አንተ» ሳይል በትሕትና፣ «ከቴሌ ነው፣ ሲስተም እያሻሻልን ነው፣ አሁን የሚመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» ይላል። ወይም ከባንክ የቴክኒክ ክፍል ነኝ ይላል። ቁጥሩ የቴሌግራምዎ ወይም የሞባይል ባንኪንግዎ መግቢያ ነው። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ስልኩ ኪስ ቦርሳም ሆኗልና አንድ ቁጥር መናገር ገንዘብ መስጠት ነው። «እኔ ግን በመልእክት የሚመጣ ኮድ አለኝ፣ ማን ይነካኛል» የሚሉ ደንበኞች አሉኝ። ኮዱ የሚጠብቅዎት ለሰው እስካልነገሩት ድረስ ነው። ስልክዎ ላይ ኤኒዴስክ ካስገቡለት ደግሞ መናገርም አያስፈልግዎትም፤ ስክሪንዎ ላይ ራሱ ያነበዋል።

«የሚታለለው ያልተማረ ነው» የሚለውን ከሁሉ በላይ አልወደውም። ሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. የኦባማ፣ የባይደንና የቢል ጌትስ ትዊተር አካውንቶች በአንድ ቀን ተወስደው ቢትኮይን ተለመነባቸው። መግቢያው ምን ነበር? ወጣቶች ለትዊተር ሠራተኞች ስልክ ደውለው «ከአይቲ ክፍል ነው፣ የቪፒኤን ችግርዎን ልናስተካክል ነው» አሉ። ቪፒኤን ከቤት ሆኖ ወደ መሥሪያ ቤት ኔትወርክ መግቢያ መስመር ነው። ወቅቱ ኮቪድ ነበር፤ ሁሉም ከቤት ነበር የሚሠራው፤ ቪፒኤኑም በእርግጥ ያስቸግር ነበር። እነዚያ ሰዎች ቴክኖሎጂ ኩባንያ ውስጥ የሚሠሩ ናቸው። የሚታለለው በዚያች ሰዓት የቸኮለ፣ የደከመ ወይም የፈራ ሰው ነው። ሁላችንም እንዲህ የምንሆንበት ሰዓት አለ። ስለዚህ እባካችሁ የተበላውን ሰው አትሳቁበት። የተሳቀበት ሰው ለባንኩ ሳይናገር ያድራል። በነዚያ ሰዓታት ደግሞ ገንዘቡ ይሄዳል።

ሕጉም ሁለቱን ለይቷቸዋል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን በአንቀጽ 3፣ በኮምፒዩተር ማጭበርበርን በአንቀጽ 10 ለየብቻ አስቀምጧል። የሕግ ሰው አይደለሁም፤ አንድ ድርጊት ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ግን ፖሊስ ጋ ሲሄዱ «ሀክ ተደረግሁ» ብቻ ብለው አይመለሱ። በስንት ሰዓት ተደወለ፣ ከየትኛው ቁጥር፣ ምን ብሎ፣ ምን አስጫነዎት፣ ገንዘቡ ወደየትኛው ሂሳብ ሄደ፤ ይህን ይናገሩ።

ጥሪው ሲመጣ የሚደረገው አንድ ነገር ነው፦ መዝጋት። ይሉኝታ አይያዝዎ። ካሳሰበዎት ራስዎ በሚያውቁት ቁጥር መልሰው ይደውሉ፤ ቴሌ 994 ነው፣ ቴሌብር 127፣ ንግድ ባንክ 951። ስክሪኑ ላይ የታየው ቁጥር ማስረጃ አይሆንም፤ የደዋይ ቁጥር ማስመሰል ይቻላል። «እኔ እነሱን ላጫውታቸው፣ ጊዜያቸውን ልብላ» የሚሉ ወጣቶችም አሉ። አልመክርም። ባወሩ ቁጥር ድምፅዎን፣ ስምዎንና የባንክዎን ስም ይሰበስባሉ።

አስገብተውት ከሆነ ኢንተርኔቱን ወዲያው ያቋርጡ። ገመድ ከሆነ ይንቀሉት፣ ዋይፋይ ከሆነ ያጥፉት። ባንክዎ ጋ ይደውሉ። ከዚያ በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ፓስወርድ ይቀይሩ፣ ከኢሜይል ይጀምሩ፤ የሌላው ሁሉ መክፈቻ ኢሜይል ነው። በዚያው በተነካው ማሽን ላይ ከቀየሩት ለእሱ እየነገሩት ነው። ፎርማቱ የመጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ስክሪኑን ፎቶ ያንሱ፤ ኤኒዴስክ ማን መቼ እንደገባ የሚመዘግብበት ፋይል ስላለው ባለሙያ ያውጣልዎ። ፎርማት እሱንም ያጠፋዋል። ስልክ ላይ «ይህን ኮድ ደውሉ» ተብለው በኮከብ ምልክት የሚጀምር ነገር ከደወሉ ደግሞ ጥሪዎ ወደ ሌላ ሰው ዞሮ ሊሆን ይችላል። ##002# ብለው ቢደውሉ የጥሪ ማዞሪያዎች ሁሉ ይሰረዛሉ።

ከዚህ በኋላ ሌላ ጥሪ ሊመጣ ይችላል። «ገንዘብዎ እንደተወሰደ ሰምተናል፣ ከሳይበር ፖሊስ ነው፣ እናስመልስልዎታለን፣ ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ብቻ ይላኩ» ይላሉ። ይህም ያው ነው። የተበላ ሰው ስልክ ቁጥር በሌቦች መካከል ይሸጣል። ፖሊስ ገንዘብ ለማስመለስ ቅድሚያ ክፍያ በቴሌብር አይጠይቅም።