ካውለርፓ ምንድን ነው?

ካውለርፓ በአብዛኛው ጥልቀት በሌለው ሞቃት ባሕር ውስጥ የሚበቅል አረንጓዴ አልጌ ነው። እኛ የባሕር ዳር ከተማ ሰዎች አልጌ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ሐይቁ ዳር ድንጋዩን የሚያዳልጠው አረንጓዴ ነገር ነው። ካውለርፓ እንደዚያ አይደለም። አሸዋው ላይ እየተሳበ ይሄዳል፣ ወደ ታች ሥር የሚመስል ነገር ይሰዳል፣ ወደ ላይ ቅጠል የሚመስል ነገር ያወጣል። ላየው ሰው ሙሉ ተክል ነው።

ዝርያው ብዙ ነው። የወይን ዘለላ የሚመስለውን በፊሊፒንስና በጃፓኗ ኦኪናዋ በጥሬው ይበሉታል። በዓለም ላይ ስሙን ያስጠራው ግን ካውለርፓ ታክሲፎሊያ የሚባለው ነው፤ ቅጠሉ እንደ ወፍ ላባ የተሰነጣጠቀ፣ ቀለሙ ደማቅ አረንጓዴ።

የሚደንቀው ነገር ይኸውላችሁ፦ ያ ሁሉ ግንድ፣ ሥርና ቅጠል አንድ ሴል ነው። የኛ አካል ስፍር ቁጥር ከሌላቸው ሴሎች የተሠራ ነው፤ አብዛኞቹም በዓይን አይታዩም። ታክሲፎሊያ ግን ከ2 ሜትር በላይ ተስቦም ያው አንድ ሴል ነው። ውስጡን የሚከፋፍል ግድግዳ የለም። እጅግ ብዙ ኒውክለሶች (የሴል እምብርቶች) በአንድ ፈሳሽ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ስለ ሕይወት ካነበብኳቸው ነገሮች ሁሉ እንደዚህ ያስገረመኝ ጥቂት ነው።

ታዲያ ሲቆረጥ ለምን ፈሶ አያልቅም? ቁስሉ ላይ ወዲያው የሚረጋ መድፈኛ ይሠራል። ከዚያ የተቆረጠው ቁራጭ ራሱን ችሎ ይበቅላል። ትንሽ ብጣሽ ትበቃዋለች። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

የባሕር አሳ በመስታወት ገንዳ የሚያረቡ ሰዎች ይወዱታል። ያምራል፣ ቶሎ ያድጋል፣ ከአሳው ቆሻሻ የሚመጣውን ናይትሬትና ፎስፌት ይመጥጣል። ጀርመን ውስጥ ሽቱትጋርት ባለው መካነ እንስሳት ሲራባ የቆየው ዘር ደግሞ ብርድ የሚችል ሆነ። ከዚያ ወደ ሌሎች ገንዳዎች ተሰጠ፣ ሞናኮም ደረሰ። በ1984 (በፈረንጆቹ) ሞናኮ ከሚገኘው የውቅያኖስ ሙዚየም ሥር፣ ባሕሩ ውስጥ ተገኘ። ስፋቱ 1 ካሬ ሜትር ያህል ነበር። በ1989 1 ሄክታር ገደማ ሆነ። በ2000 ደግሞ በሜዲትራኒያን ዙሪያ በስድስት አገሮች ከ13 ሺህ ሄክታር በላይ ቦታ ላይ ታየ። መልህቅና መረብ ብጣሹን ከወደብ ወደ ወደብ አደረሱለት። ውስጡ መርዛማ ነገር ስላለ አብዛኛው አሳ አይበላውም። በዚያች 1 ካሬ ሜትር ጊዜ በእጅ ተነቅሎ ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስከዛሬ ይቆጨኛል። በእርግጥ ኋላ ላይ በሜዲትራኒያን በብዙ ቦታ እየቀነሰ ሄዷል።

ካሊፎርኒያ ላይ አልተዘናጉም። በ2000 እንደተገኘ በላስቲክ ሸፈኑት፤ ከሥሩ ክሎሪን ለቀቁበት። ጠፍቷል ተብሎ የታወጀው በ2006 ነው። ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቷል።

አሁን ወደ ጣና እንምጣ። ካውለርፓ የጨው ውሃ ፍጥረት ስለሆነ ጣና ውስጥ ሊኖር አይችልም። በዚህ ማንም አይስጋ። የኛ ጭንቀት እንቦጭ ነው። እሱ አልጌ ሳይሆን አበባ የሚያወጣ ተክል ነው፤ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የተነገረው በ2011 (በፈረንጆቹ) ነው። ግን እንቦጭንም ከአገሩ አስወጥቶ በዓለም ያዞረው ውበቱ ነው። ሰዎች ለአበባው ብለው ከአገር አገር አመላለሱት።

«ታዲያ እኛስ ለምን በላስቲክ አንሸፍነውም?» ለሚል ሰው መልሱ ዘሩ ላይ ነው። ሜዲትራኒያንን የወረረው ካውለርፓ ዘር የለውም፤ የሚራባው በብጣሽ ብቻ ነው፤ ያለውን ከገደሉት አለቀ። እንቦጭ በቅርንጫፉም በዘሩም ይራባል፤ ዘሩ ደለል ውስጥ ተቀብሮ ለብዙ ዓመት ይቆያል። በዚያ ላይ የካሊፎርኒያው ሥራ የተሠራው በትናንሽ ባሕር ገብ ውሃዎች ላይ ነው፤ ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለዚህ ነው ደንቢያና ፎገራ ላይ ገበሬው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ የነቀለው አረም በሌላ ዓመት ተመልሶ የሚመጣው። ልፋቱ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የተነቀለው ዳር ላይ ተከምሮ ከቀረ ግን ክረምት ውሃው ሲሞላ መልሶ ይወስደዋል። ራቅ አድርጎ ማድረቅ የሥራው ግማሽ ነው።

ቤታችሁ ወይም ሆቴላችሁ የአሳ ገንዳ ካለ፣ ተክሉ ሲበዛባችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁትና ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ጣሉት። አሳውን ለሚፈልግ ሰው ስጡ እንጂ «ነፃ ይውጣ» ብላችሁ ሐይቁ ውስጥ አትልቀቁት። የወርቅ አሳ ገንዳ ውሃ ጨው የለበትምና ለጓሮ አትክልት ይሆናል። ቦይ ውስጥ ግን አትድፉት፤ የከተማችን ቦይ የሚገባው ወይ ጣና ነው፣ ወይ ዓባይ።