«ድር ቢያብር» ሲባል የትኛው ድር?

ተማሪው ጎኑ ላለው ጓደኛው በአፍ መፍቻ ቋንቋው አንድ ነገር ሹክ ሲል፣ «እዚህ ሁላችንም አንድ ነን፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!» ይባልና ዝም ይላል። ስብሰባ ላይም የተለየ ሐሳብ ያነሳ ሰው በዚህችው ምሳሌ ወንበሩ ላይ ይመለሳል። ምሳሌዋ ግን ዝም በሉ አላለችም፤ ተመሳሰሉም አላለች።

ጣጣው የሚጀምረው ከድሩ ነው። አብዛኛው ሰው ሸረሪት ይታየዋል። ሸረሪት ድሯን አብዛኛውን ጊዜ የምታደራው ብቻዋን ነው፤ ከማን ጋር ታብር? የእኔ ግምት፣ ይህ የሸማኔው ድር ነው። ማስረጃዬ «ማበር» ከሚለው ቃል ብዙም አይርቅም፤ ሸማኔ ሲሠራ ተቀምጦ ያየ ሰው ግን ይፈርድልኛል። (አንበሳው ለማጋነን የገባ ነው፤ አንበሳ በድር ያሰረ ሰው አልተሰማም።)

ተዳምጦ በደጋን የተነደፈ ጥጥ በእንዝርት ይፈተላል። ለድር የሚሆነው ከረር ይላል፤ በድሩ መካከል አግድም የሚያልፈው ክር፣ ማጉ፣ ላላ ቢል አይጎዳም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተወጥሮ ጉተታውን የሚችለው ድሩ ነውና። ድሩ በችካሎች መካከል እየተመላለሰ ሲደራ፣ ዳር ላይ አንዱ ክር በላይ፣ ቀጣዩ በታች እየሆነ ይተላለፋል። ያቺ መተላለፊያ ካመለጠች ተራው ይጠፋል፤ ውሉን ከመፈለግ እንደገና ማድራት ይቀላል። ከዚያ እያንዳንዱ ክር፣ ድሩን በሚያነሳና በሚያወርደው የሸማኔ ዕቃ ላይ ባለ በየራሱ ቀለበት ይሾልካል። ሁለቱ በአንድ ቀለበት ከገቡ ጨርቁ ላይ መስመር ይወጣል። አንዱ ከረገበ ማጉን ይዞ የሚመላለሰው መወርወሪያ ይጠልፈዋል፤ ከልክ በላይ ከተወጠረ ይበጠሳል። ሸማኔው ሲረግጥ ግማሹ ድር ይነሳል፣ ግማሹ ይወርዳል፣ ማጉ በመካከል ያልፋል፤ ቀጥሎ የወረደው ይነሳል። ሁሉም በአንዴ ቢነሳ ማጉ ማለፊያ የለውም።

ክፍልም እንዲሁ ይደራል። የተማሪው ቀለበት ስሙ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ልጁ ራሱ ስሙን ይጥራ፤ መምህሩ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል ከስም ዝርዝሩ ጎን ምልክት ያድርግበት። «ለአፍ እንዲመቸኝ» ብሎ ማሳጠር የለም። የክፍሉ ደንብ ከተማሪዎቹ ጋር ይውጣ፤ አራት ወይም አምስት ይበቃል፤ በዓይን የሚታይ ድርጊት ይሁን። «እንከባበር» የሚል ደንብ ማን እንደጣሰው አይታወቅም፤ «በሰው አነጋገር አንስቅም» የሚለው ይታወቃል።

የመነሳትና የመውረዱ፣ ማለትም የመናገርና የማዳመጡ፣ ተራ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አስተውላለች፤ ወደ 3 ሰከንድ ሲያደርሱት መልሱ ይረዝማል፣ ዝምተኞቹም ይናገራሉ። በሁለተኛ ቋንቋ ለሚማር ልጅ ይህም ያንሰዋል። ሁለት ደቂቃ በራሱ ቋንቋ ከጓደኛው ጋር ይምከርና በክፍሉ ቋንቋ ይመልስ። ያ ሹክሹክታ ምናልባት ይኸው ነበር።

ለድሩ በጣም የቀረበው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤሊየት አሮንሰን በቴክሳስ፣ ኦስቲን የሞከረው ነው፤ ነጭ፣ ጥቁርና የላቲን አሜሪካ ተወላጅ ልጆች አንድ ክፍል ገብተው ጠብ በበዛበት ጊዜ። አምስት ወይም ስድስት ተማሪ አንድ ቡድን ይሆናል፤ ትምህርቱም በዚያው ቁጥር ይቆራረጥና ለእያንዳንዱ አንድ ቁራጭ ይደርሰዋል። ተመሳሳይ ቁራጭ የደረሳቸው ከየቡድኑ ወጥተው አብረው ያጠናሉ፤ ከዚያ ተመልሰው ለቡድናቸው ያስተምራሉ። ፈተናው የየግል ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መካከለኛው ጥናት «ሰዓት የለም» ተብሎ ሲዘለል ነው፤ ንባብ የሚያስቸግረው ልጅ ሳይዘጋጅ ይቀርባል፣ ይሳቅበታል፣ ክሩ ይበጠሳል። ቡድኖቹንም በየሦስት አራት ሳምንቱ መቀያየር ያስፈልጋል፤ አለዚያ አንደበተ ርቱዑ ሁልጊዜ ተናጋሪ፣ አዲስ መጡ ሁልጊዜ ርዕስ ጻፊ ሆኖ ይቀራል።

የዘንድሮው ልማድ ከዚህ ሁሉ አንድ ቀን የባህል ልብስ ማስለበስን ይመርጣል። አንዱን ልጅ አስነስቶ «እናንተ ዘንድ እንዴት ነው?» እያሉ በአሥራ ሁለት ዓመቱ የአንድ ሕዝብ ቃል አቀባይ ማድረግም አለ። ምሳሌዋን ክፍል ግድግዳ ላይ የምታስጽፉ መምህራን፣ እባካችሁ ሸረሪቷን አጥፉና መወርወሪያ አሥሉበት።