የቀጥታ ስርጭት ቅዳሴ ምንድን ነው?

በአንድ ቤተ ክርስቲያን እየተቀደሰ ያለው ቅዳሴ በዚያው ሰዓት በዩቲዩብ፣ በፌስቡክ ወይም በቴሌቪዥን ሲተላለፍ የቀጥታ ስርጭት ቅዳሴ እንለዋለን። ከስብከት ቪዲዮ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ግን ያሳስታል። ስብከት ትምህርት ነው፤ ዛሬም ተሰማ ከወር በኋላ፣ የሚጎድለው ጥቂት ነው። ቅዳሴ ግን ቆመው የሚጸልዩት፣ ተሰጥኦውን (ለካህኑና ለዲያቆኑ የሚሰጠውን የሕዝቡን መልስ) የሚመልሱበት፣ የተዘጋጀም የሚቆርብበት ነው።

እርግጥ ቅዳሴን በጆሮ ብቻ መከታተል ኢንተርኔት ያመጣው ነገር አይደለም። በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ስለሚሞላ ብዙው ሰው የሚያስቀድሰው ቅጽር ውስጥ፣ ዛፍ ሥር ቆሞ፣ በድምፅ ማጉያ ነው። ውስጥ የገባውም ቢሆን መጋረጃው ሲዘጋ በመቅደሱ የሚከናወነውን አያይም። ታዲያ ድምፅ ማጉያው ቅጽሩን አልፎ ሪያድ ቢደርስ ምን ይለወጣል?

ብዙ ይለወጣል። ቅጽር ውስጥ ያለ ሰው «ተንሥኡ» ሲባል ይነሣል፤ «እትዉ በሰላም» ሳይባል መውጣት ነውር ነው። ጾሞና ንስሐ ገብቶ ከሆነ ጫማውን አውልቆ ይገባል፣ ሥጋውንና ደሙን ይቀበላል። ባይቆርብ እንኳ የቅዳሴ ጠበል ጠጥቶ ይሄዳል። በስልክ የሚከታተለው ተጋድሞም ሊሆን ይችላል፣ ሽንኩርት እየከተፈም። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲሉ ከቪዲዮው ሥር «ምስለ መንፈስከ» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ ስርጭቱ ዘግይቶ ስለሚደርስ ግን ሕዝቡ መልሶ ጨርሷል። ቤተ ክርስቲያን ጓሮው ላለ ጤነኛ ሰው ይህ የስንፍና ማለማመጃ ይመስለኛል።

ጉዳዩ የሁሉም ጥያቄ የሆነው በ2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ የሚያዝያ 11ዱን ፋሲካ ብዙ ምእመን ቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን አሳለፈ። በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነበር፤ መልሱ ግን አንድ አልሆነም። ቫቲካን አስቀድማ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሰነድ በኢንተርኔት ላይ ምሥጢራት እንደሌሉ ተናግራ ነበር። ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ግን ምእመኑ በየቤቱ ኅብስትና ጽዋ አዘጋጅቶ ከስክሪኑ ፊት የጌታን እራት እንዲወስድ ፈቀዱ። አብዛኞቹ የእስልምና ዑለማዎች ጁምዓ ከኢማሙ ኋላ በሰፍ (በሰልፍ) ተቁሞ የሚሰገድ ስለሆነ በስርጭት መከተል አይበቃም፣ ቤት የቀረ ዙህር (የቀትሩን ሶላት) ይስገድ አሉ። በእስራኤል ደግሞ ጥቂት ረቢዎች ለብቻቸው ለቀሩ አረጋውያን ሲሉ የአይሁድ ፋሲካን ማዕድ በዙም የቪዲዮ ጥሪ ሲፈቅዱ፣ ዋናው የረቢዎች ምክር ቤት ተቃወመ፤ እዚያ ክርክሩ በበዓል ቀን የኤሌክትሪክ መሣሪያ ስለ መጠቀም ነው። ሁሉም ስክሪኑን የመዘነው እምነቱ ግድ በሚለው ነገር ነው፤ አንዱ በኅብስቱ፣ አንዱ በሰልፉ፣ አንዱ በዕለቱ ሕግ።

ሳውዲ ዓረቢያ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የለም። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህት እሑድ ዕረፍቷ ላይሆን ይችላል፤ ሥራ እየሠራች አንድ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ ታስቀድሳለች። እሷን ስንፍና አይመለከታትም። የንስሐ አባቷን በስልክ ታገኛለች፤ ምክርና ጸሎት ይደርሳታል፤ ቁርባኑ ግን አገር ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን ወዳለበት ሀገር እስክትሄድ ይቆያል።