ረመዳን በዱባይ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ረመዳን በተቃረበ ቁጥር ዱባይ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መካከል ምክር ይበዛል። ቀድሞ የመጣው አዲስ ገቢውን ያስጠነቅቃል፤ ሳዑዲ ወይም ኩዌት የሠራችውም እዚያ ያየችውን ትናገራለች። ምክሩ በቅን ልቦና የሚሰጥ ቢሆንም የሃይማኖቱን ሥርዓት፣ የአገሬውን ወግና የመንግሥቱን ሕግ ስለሚያደባልቅ፣ ሰው የማያስፈራውን እንዲፈራ፣ ሊጠይቅ የሚገባውን መብት ደግሞ እንዲተው ያደርጋል።

«ቀን ላይ ምግብ ቤት አይከፈትም፤ ውሃ የጠጣም ይታሰራል።»

ይህ አባባል ከሥሩ የተፈጠረ ሳይሆን ጊዜ ያለፈበት ነው። ቀደም ሲል የዱባይ ምግብ ቤቶች በጾሙ ሰዓት ማስተናገድ የሚችሉት ተመጋቢው ከመንገደኛ ዓይን በመጋረጃ ተከልሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ግን ከተማዋ ይህን ግዴታ አንሥታለች። ዛሬ በገበያ ማዕከላትና በሆቴሎች ውስጥ ብዙ ምግብ ቤቶች ቀኑን ሙሉ ክፍት ናቸው። ይሁን እንጂ የዱባይ አሠራር ለባሕረ ሰላጤው ሁሉ አይሠራም። አጎራባች በሆነችው ሻርጃ ቀን ላይ ምግብ አዘጋጅቶ ለመሸጥ የማዘጋጃ ቤት ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ኩዌት ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በጸናው ሕግ መሠረት በጾሙ ሰዓት በአደባባይ መብላት እስከ 100 ዲናር በሚደርስ መቀጮና እስከ አንድ ወር በሚደርስ እስራት ያስቀጣል። ዱባይም ብትሆን በእግረኛ መንገድ ላይ እየበሉ ወይም እያጨሱ መሄድ እንደ ንቀት ስለሚታይ፣ አስተዋይ ሰው ገለል ብሎ ይጠቀማል። በሜትሮ ባቡር ውስጥ ሲበላ ወይም ሲጠጣ ተይዞ 100 ድርሃም የተቀጣ ሰው ግን ቅጣቱን በረመዳን ማሳበብ አይችልም፤ ክልከላው ዓመቱን ሙሉ ያለ ነው።

«የሥራ ሰዓት የሚቀነሰው ለሚጾሙት ብቻ ነው።»

ከሁሉም የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ አመለካከት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በየዓመቱ የሠራተኛውን ጊዜና ገንዘብ ይወስዳል። በተባበሩት የዐረብ ኤሚሬትስ የሠራተኛ ሕግ ማስፈጸሚያ ደንብ መሠረት በረመዳን የግል ድርጅት ሠራተኞች መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን በሁለት ሰዓት ይቀነሳል፤ ደንቡም ሙስሊም ከሆነና ካልሆነ፣ ከሚጾምና ከማይጾም አይለይም። በቀን ስምንት ሰዓት የምትሠራ የክርስትና እምነት ተከታይ ገንዘብ ተቀባይ በዚህ ወር ስድስት ሰዓት ሠርታ ሙሉ ደመወዟን ትወስዳለች ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከተሠራ ትርፍ ሰዓት ነውና፣ ለዚያ ሰዓት የሚገባው ክፍያ በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ 25 በመቶ፣ ሥራው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሆነ ደግሞ 50 በመቶ ተጨምሮበት ይሰላል። በፈረቃ የሚሠሩ ሰዎች በሌሊቱ ጭማሪ አይካተቱም።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም። በሳዑዲ ዐረቢያ የሥራ ሕግ በረመዳን በቀን ስድስት ወይም በሳምንት 36 ሰዓት የሚል ገደብ የተቀመጠው ለሙስሊም ሠራተኞች ብቻ ነው፤ የራሱ የሥራ ሕግ ባለው የዱባይ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ማዕከል ውስጥም ቅነሳው የሚመለከተው የሚጾሙ ሙስሊሞችን ነው። ስለዚህ አንድ አለቃ «አንተ አትጾምም፤ ሙሉ ሰዓት ትሠራለህ» ቢል፣ ሠራተኛው ከመከራከሩ በፊት ኮንትራቱ በየትኛው ሕግ ሥር እንደሆነ ማየት አለበት። በአጠቃላዩ የኤሚሬትስ የሠራተኛ ሕግ የሚተዳደር ሠራተኛ ከሆነ አለቃው ተሳስቷል።

«እንግዲያው የቤት ሠራተኛዋም ሁለት ሰዓት ይቀነስላታል።»

አይቀነስላትም። የቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው የራሳቸው ሕግ ስለሆነ የሁለት ሰዓቱ ቅነሳ እነርሱን አይመለከትም። እንዲያውም ሥራው የሚከብደው በዚህ ወር ነው፤ ከቀትር በኋላ ሳምቡሳ መጠቅለል፣ ሀሪስ የተባለውን የስንዴና የሥጋ ገንፎ ማማሰል፣ ሉቀይማት የተባለውን ጣፋጭ መጥበስ፣ ከኢፍጣር በኋላ የእንግዳ ዕቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይተኙ ለሱሁር ማቅረብ አለ። ሕጉ ግን ረመዳን ነው ብሎ ዕረፍቷን አይሰርዝም፤ በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ ስምንቱን ሳይቋረጥ የማረፍ መብት አላት፤ በሳምንት አንድ የሚከፈልበት የዕረፍት ቀንም አላት። ሌሊቱ በሱሁር ስለሚቋረጥ ስምንቱ ተከታታይ ሰዓት በቀን እንዲሆን ከማዳም ጋር ረመዳን ሳይገባ መነጋገር፣ ወሩ ከተጋመሰ በኋላ በድካም ከመጨቃጨቅ ይሻላል። ይህ ቁጥር በሕግ የተጻፈ መሆኑን የማያውቁ ብዙ አሠሪዎችም አሉ።

«ኢፍጣር ለሙስሊም ብቻ ነው።»

ኢፍጣር የሚቀርብበት የመስጊድ ድንኳን ሃይማኖት አይጠይቅም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በትራፊክ መብራቶች ላይ ቆመው ተምርና ውሃ የያዘ ትንሽ ሣጥን በመኪና መስኮት የሚያቀብሉ በጎ ፈቃደኞችም የሚያዩት ሾፌሩ ሰዓቱ እንዳያመልጠው ብሎ እንዳይፈጥን እንጂ እምነቱን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 እና በ2026 ረመዳን ከሁዳዴ ጋር ስለተገጣጠመ ብዙ ኦርቶዶክሳውያን በሥራ ባልደረቦቻቸው ግብዣ ተቸግረው ነበር፤ ሀሪስ ሥጋ ያለበት ነውና ይቅር፣ ተምርና ሥጋም ቅቤም ያልገባበት የምስር ሾርባ ግን ጾሙን አያስፈርስም፤ «እኔም ጾመኛ ነኝ» ማለትም በዚያ ማዕድ ላይ የሚያስከብር እንጂ የሚያሳፍር አይደለም።

«ከተማዋ ስለምትተኛ በረመዳን መጎብኘት ከንቱ ነው።»

ቀኑ ይቀዘቅዛል፤ ማታው ግን ከወትሮው ይደምቃል፤ ገበያዎችም እስከ እኩለ ሌሊትና ከዚያ በላይ ይቆያሉ። ጎብኚ ሊያየው የሚገባው የዱባይ ፖሊስ በየቀኑ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በመግሪብ ሰዓት የሚተኩሰውን የኢፍጣር መድፍ ነው፤ ከሚተኮስባቸው ቦታዎች አንዱ 828 ሜትር በሚረዝመው ቡርጅ ኸሊፋ ሥር ነው። እዚያው ሕንፃ ውስጥ የመድፉ ድምፅ ለሁሉም እኩል አይሠራም፤ ከፍ ባለ ቁጥር ፀሐይ ዘግይታ ስለምትጠልቅ የዱባይ ሙፍቲ አሕመድ አል ሐዳድ እ.ኤ.አ. በ2011 ከ80ኛው እስከ 150ኛው ፎቅ ያሉት ሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ሦስት ደቂቃ ቆይተው እንዲያፈጥሩ ተናግረዋል።

«የምሕረት ወር ስለሆነ ያለ ፈቃድ የሚኖርም ምሕረት ያገኛል።»

በዚህ ወሬ ተማምነው የሚቀመጡ ወገኖች ዋጋ ይከፍላሉ። መሪዎች በረመዳን ዋዜማ እስረኞችን መፍታታቸው እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት 1,295 እስረኞች እንዲፈቱ አዘዋል። የመኖሪያ ፈቃዳቸው ላለፈባቸው ሰዎች የሚታወጀው ምሕረት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የ2018ቱ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ፣ የ2024ቱም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በፈረንጆች አቆጣጠር የተሰጡ ሲሆን፣ ሁለቱም ከረመዳን ጋር አልተገናኙም። የሚጠብቀው ሰው ላይ በቀን 50 ድርሃም ቅጣት ይቆጠርበታል። «የዘካ ወር ነው» ብሎ ለታመመ ወገን ወይም ለአስከሬን መላኪያ በስልክ ቡድን ገንዘብ ማሰባሰብም በዚህ አገር ያለ ፈቃድ ወንጀል ነው፤ መንገዱ ፈቃድ ባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በኩል መሄድ ነው።

«ረመዳን የበጋ ወር ነው፤ ዒዱም በቀን መቁጠሪያ የታወቀ ነው።»

የሂጅራው ዓመት ከፀሐዩ በ10 ወይም በ11 ቀን ስለሚያጥር ወሩ በየወቅቱ ይዞራል፤ እ.ኤ.አ. በ2030 እንዲያውም በፈረንጆች ጥር አንዴ፣ በታኅሣሥ ደግሞ አንዴ፣ ሁለት ጊዜ ይገባል። መግቢያውም መውጫውም ጨረቃ በመታየቷ ስለሚወሰን የባሕረ ሰላጤ አገሮች ሁልጊዜ በአንድ ቀን አይጀምሩም። ለዒድ ወደ አዲስ አበባ የሚበር ሰው የቲኬቱን ቀን ሊለወጥ በሚችል ዋጋ ቢቆርጥ ይሻለዋል፤ የዕረፍቱ የመጀመሪያ ቀን የሚረጋገጠው በ29ኛው ምሽት ነውና።