መሪ መምህር ማለት ምንድን ነው?

ባለፈው ለቅሶ ቤት አጎቴ «አሁንም እዚያው ባዮሎጂ ነህ?» አሉኝ። አዎ፣ ግን መሪ መምህር ሆኛለሁ አልኳቸው። «ጎሽ! ስንት ሰው ትመራለህ?»

ማንንም።

አልፈርድባቸውም፣ ስሙ ያሳስታል። መሪ መምህር ሹመት አይደለም። የመምህራን የደረጃ እድገት ውስጥ ያለ አንድ እርከን ነው። ከታች ሲጀመር ጀማሪ መምህር ይባላል። ከዚያ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር እያለ መሪ መምህር ላይ ይደርሳል። ከእሱም በላይ ከፍተኛ መሪ መምህር አለ። በወረቀት ላይ «መምህር» ብቻ ለመባል እንኳ ሁለት እርከን ማለፍ ይጠይቃል። ተማሪ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያው «ቲቸር» ነው የሚልህ።

መምህራን በሙያቸው የሚያድጉበት እርከን እንዲኖር የ1986ቱ የትምህርትና ስልጠና ፖሊሲ አስቀምጦት ነበር። እኔ እንደሚገባኝ ጥቅሙ ይሄ ነው፦ ጎበዝ አስተማሪ ደመወዝ ፍለጋ ክፍሉን ጥሎ ቢሮ አይገባም፣ ጠመኔውን እንደያዘ ያድጋል። ዲፓርትመንት ኃላፊነት፣ ምክትል ዳይሬክተርነት፣ ሱፐርቫይዘርነት ሌላ መንገድ ናቸው። እነሱ ውስጥ ስብሰባ ይበዛል፣ ባዮሎጂ ይቀንሳል።

ሃይስኩል ባዮሎጂ ለማስተማር የመጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልጋል፣ በላዩም ሁላችንም ፒጂዲቲ የምንለው የማስተማር ስልጠና ይጨመራል። ጀማሪው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ከአንድ ነባር መምህር ጋር ተጣምሮ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ፣ ማለትም ተሙማ፣ በዓመት 60 ሰዓት ይጠበቅበታል። የሥራ አፈጻጸም ግምገማም አለ። ማህደረ ተግባሩ፣ ማለትም የሠራው ሥራ ማስረጃ የሚሰበሰብበት ፋይል፣ በወረቀት ያብጣል። አንዳንዱ ወረቀት ለፋይሉ ሲባል ብቻ እንደሚጻፍ የማያውቅ መምህር ያለ አይመስለኝም።

ታዲያ መሪው የሚመራው የት ጋ ነው? በቅርቡ አንዱ ጀማሪ የሽንኩርት ሴል ሊያሳይ ብሎ ተማሪዎቹ ክብ ክብ ነገር ስለው አመጡለት። ግራ ገብቶት ጠራኝ። የሳሉት የአየር አረፋ ነበር። መብራት ስለሌለ መስታወት ያለውን አሮጌውን ማይክሮስኮፕ ወደ መስኮት ወሰድነው። ከሽንኩርቱ ወፍራም ሽፋን ላይ ውስጠኛውን ስስ ልጣጭ አነሳን፣ አንድ ጠብታ አዮዲን ጣል አደረግንበት። መሸፈኛ መስታወቱን ዝም ብሎ መጣል አይደለም፣ በአንድ ጠርዙ አስነክቶ ቀስ ብሎ ማስተኛት ነው። አየሩ በሌላው በኩል ይወጣል።

አንዷ ልጅ አጎንብሳ አየችና «ቲቸር፣ ጡብ ይመስላል!» አለች። ጀማሪው ወዲያው ቀጣዩን ስላይድ ራሱ መሥራት ጀመረ። ሽንኩርቱን የገዛው ከኪሱ ነው። ለእሱ ፎርም የለም።