ሚዲ ኮንትሮለር ምንድን ነው? ውስጡ ያለው ኮድስ ምን ይሠራል?

ሚዲ ኮንትሮለር ቁልፎችና ማዞሪያዎች ያሉት የሙዚቃ መሣሪያ ነው፤ የራሱ ድምፅ ግን የለውም። የቱን ቁልፍ እንደነካችሁ ለኮምፒውተሩ በቁጥር ይናገራል፤ በቃ። ድምፁን የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሶፍትዌር ነው።

ቁጥሮቹ የሚላኩበት ስምምነት ነው ሚዲ የሚባለው። በ1983 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ሴኩዌንሻል ሰርኪትስ እና የጃፓኑ ሮላንድ ኪቦርዶቻቸውን በኬብል አገናኝተው ካሳዩ ወዲህ እስከ ዛሬ እየሠራ ነው። መልእክቱ አጭር ነው። 144፣ 60፣ 100 ከተላከ «በመጀመሪያው ቻናል (የመልእክት መስመር)፣ መካከለኛውን ዶ፣ በ100 ኃይል ምታ» ማለት ነው። ተራ ቁልፍ በምን ያህል ኃይል እንደተነካ ስለማያውቅ 100ን ኮዱ ውስጥ ራሳችሁ ትጽፋላችሁ። ጣታችሁን ስታነሱ 128፣ 60፣ 0 ይላካል። ይህ ካልተላከ እንደ ኦርጋን ያለ ድምፅ ሳይቆም ይቀጥላል።

ቤት ውስጥ ለሚሠራ ኮንትሮለር አርዱዪኖ ሊዮናርዶ ወይም ፕሮ ማይክሮ ከሚባሉት በኮድ የሚታዘዙ ትንንሽ ሰሌዳዎች አንዱን ምረጡ። ቺፓቸው ዩኤስቢ አብሮት ስላለ ኮምፒውተሩ በቀጥታ እንደ ሚዲ ዕቃ ያያቸዋል። እስከ አር3 ያለው የአርዱዪኖ ኡኖ ሰሌዳ ዋና ቺፕ ግን የራሱ ዩኤስቢ ስለሌለው ጣጣው ይበዛል።

ቁጥር መላክ ሁለት ሦስት መስመር ኮድ ነው። ልፋቱ ያለው መላክ የሌለበትን በመያዝ ላይ ነው።

ቁልፉን እንይ። ስትጫኑት ውስጡ ያለው ብረት ለጥቂት ሚሊሰከንዶች ይነጥራል። እኛ አናየውም፣ ቺፑ ግን እያንዳንዱን ንጥረት እንደ አዲስ ይቆጥረዋል። ከበሮ ከሆነ አንዴ ነክታችሁ ሦስት አራት ጊዜ ይመታል። መፍትሔው ቁልፉ ሲለወጥ መልእክቱን ልኮ ለ5 ወይም ለ10 ሚሊሰከንድ የሚመጣውን ችላ ማለት ነው። ይህን ዲሌይ በሚባለው የማቆያ ትእዛዝ አታድርጉት፤ ዲሌይ ሌሎቹንም ቁልፎች አብሮ ያስቆማል። ሰዓቱን ሚሊስ በሚባለው ትእዛዝ እየጠየቃችሁ አነጻጽሩ።

የሚዞረው ማዞሪያ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። አርዱዪኖ ከ0 እስከ 1023 ያነበዋል፣ ሚዲ የሚቀበለው ከ0 እስከ 127 ነው። ስለዚህ ለ8 ታካፍላላችሁ። ችግሩ ማንም ሳይነካው ንባቡ 511፣ 512፣ 511 እያለ መዋዠቁ ነው። ለ8 ሲካፈል 63፣ 64፣ 63 ይሆናል፤ ሳታቋርጡ እያዞራችሁ ያለ ይመስላል። ስለዚህ ኮዱ መጨረሻ የላከውን ንባብ ያስታውስ፤ አዲሱ ከእሱ ከ6 በላይ ካልራቀ ዝም ይበል። ገደቡ ከ8 ማነሱን እዩልኝ። ከበዛ ማዞሪያው እስከ ጥግ ዞሮም 0 ወይም 127 ላይደርስ ይችላል።

አሁን ወደ ጣፋጩ ክፍል። ኮዱ የእናንተ ስለሆነ አምስት ቁልፍ ላይ ቅኝት ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ትዝታ 60፣ 62፣ 64፣ 67፣ 69 ነው። ባቲ 60፣ 64፣ 65፣ 67፣ 71። አምባሰል 60፣ 61፣ 65፣ 67፣ 68። አንቺ ሆዬ 60፣ 61፣ 65፣ 66፣ 69። አራት ረድፍ ቁጥር ጽፋችሁ በስድስተኛ ቁልፍ መቀያየር ነው። የትኛውንም ብትነኩ ከቅኝቱ አትወጡም። ለጀማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከሱቅ የሚገዛ ኮንትሮለር ይህን ላይሰጣችሁ ይችላል።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። በትዝታ ሁለተኛውን ቁልፍ ይዛችሁ ወደ ባቲ ብትቀይሩ፣ ስትለቁ ኮዱ 64ን ያጠፋል፤ የበራው ግን 62 ነበር። 62 እየጮኸ ይቀራል። ለእያንዳንዱ ቁልፍ ሲጫን የተላከውን ቁጥር አስቀምጡ፣ ሲለቀቅም ያንኑ አጥፉ።

እነዚህ ቁጥሮች የፒያኖ አቃቃኝ መሆናቸውንም እወቁ። ክራር ተጫዋች በጆሮው ሲቃኝ ከዚያ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ለዚህ ፒች ቤንድ የሚባል መልእክት አለ፤ ከ0 እስከ 16383 ይሄዳል፣ መሃሉ 8192 ነው። ፒች ቤንድ የሚሠራው ግን በቻናሉ ላይ ባለው ድምፅ ሁሉ ላይ ነው። አንዱን ድምፅ ለብቻው ለማንሳት አምስቱን ቁልፎች በአምስት ቻናል ላኳቸው። ሚዲ 16 ቻናል ስላለው ቦታው ይተርፋል።