የአዲስ አበባ አረንጓዴ ቦታዎችና ብዝኃ ሕይወታቸው

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበረው የጥድና የወይራ ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቆርጦ ብዙም ሳይቆይ ተመናመነ። ክፍተቱን የሞላው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬም የእንጦጦን ተዳፋት በብዛት የያዘው እሱ ነው። ከሩቅ ደን ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ሌላ ተክል እምብዛም አይበቅልም። የወደቀው ቅጠል ለማገዶ ሲጠረግ ደግሞ አፈሩ ራቁቱን ቀርቶ በክረምት ጎርፍ ይታጠባል።

የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን ከመሬቱ 30 በመቶውን ለአረንጓዴ ስፍራ ይመድባል። ቁጥሩ መልካም ነው፤ ምን እንደሚተከልና ቦታዎቹ እርስ በርስ እንዴት እንደሚገናኙ ግን አይናገርም። ቀበናን የመሳሰሉ ወንዞች ከእንጦጦ ተነስተው ከተማዋን አቋርጠው ይወርዳሉ። ዳርቻቸው በዛፍና በቁጥቋጦ ከተያያዘ ወፎችና ትናንሽ እንስሳት ከተራራው ወደ መሃል ከተማ መሸጋገሪያ ያገኛሉ። በግንብ ታጥሮ ሣር ብቻ የለበሰ ዳርቻ ለዓይን ያምራል እንጂ ለእነሱ መንገድ አይሆንም።

ባሕር ዛፍን በአገር በቀል ዛፍ መተካት ትዕግሥት ይጠይቃል። ተዳፋትን በአንድ ጊዜ መመንጠር አፈሩን ለጎርፍ መስጠት ስለሆነ፣ ቆረጣው አግድም በጠባብ መደዳ እየተከፈለ በየዓመቱ ይካሄዳል። ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ቡቃያው በተደጋጋሚ ካልተመለመለ አዲሱን ችግኝ በቁመት ቀድሞ ያጨልምበታል። ከላይ፣ በብርዳማው ከፍታ፣ ኮሶ፣ ጥድና አስታ ይስማማሉ፤ ወረድ ሲሉ ወይራና ብሳና፣ ወንዝ ዳር ሾላ። 705 ሄክታር የሚሸፍነው የጉለሌ እፅዋት ማዕከል እነዚህን ዝርያዎች ለማየት ጥሩ ቦታ ነው።

የችግኙ መትከያ ጉድጓድ ዝናብ ሳይገባ፣ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና ስፋት ኖሮት ይቆፈራል። የላይኛው አፈር ለብቻው ይቀመጥና በተከላ ጊዜ ወደ ሥሩ ይመለሳል። የሚተከለው አፈሩ በደንብ ከራሰ በኋላ፣ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ነው። ችግኙ ያደገበት ፕላስቲክ ሙሉ በሙሉ ይወልቃል፤ ሳይወልቅ የተቀበረ ችግኝ ሥሩ ተጠምዝዞ ቆይቶ ይደርቃል።

አብዛኛው ችግኝ የሚሞተው ግን በተከላው ቀን ስህተት ሳይሆን ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው፦ በጥቅምት አረም ይውጠዋል፣ ከብት ይግጠዋል፣ በየካቲት ውሃ የሚያጠጣው ያጣል። መንገድ ዳር ሲሆን የግንባታ ፍርስራሽ ላይ መተከሉና ንጣፉ እስከ ግንዱ መጠጋቱ ይጨመርበታል። ስለዚህ የመንከባከቢያው በጀት ቢያንስ ሁለት በጋ እንዲሸፍን ሆኖ ከችግኙ ግዢ ጋር አብሮ መያዝ አለበት።